ወደ ዊንዶውስ 11 ካሻገርነው በኋላ ላፕቶፑ በሥራ መሐል ይወድቃል፤ ችግሩ የዲስክ ካሽ ይሆን?

ቀለም_ቤት፦

ሰላም ለመድረኩ አባላት።

የምሠራው መጻሕፍትና መጽሔቶች ለኅትመት በሚዘጋጁበት አነስተኛ ቢሮ ውስጥ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ዋናውን የገጽ ቅንብር ላፕቶፕ ፎርማት ሳናደርግ፣ ፕሮግራሞቹና ፋይሎቹ እንዳሉ፣ ወደ ዊንዶውስ 11 24ኤች2 አሻገርነው። ላፕቶፑ 16 ጊጋባይት ራምና ባለ 1 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ አለው። በዊንዶውስ 10 ላይ ሳለ እንዲህ ያለ ችግር ታይቶበት አያውቅም።

አሁን ግን ትልልቅ ፋይሎችን ስናስቀምጥ፣ ወይም ብዙ ፎቶግራፎችን ከውጭ ዲስክ ስንገለብጥ፣ መጀመሪያ ሁሉም ነገር ይፈዝዛል። የማውሱ ቀስት ይንቀሳቀሳል፤ ነገር ግን የሚከፈት መስኮትም ሆነ የሚሠራ ፕሮግራም የለም። ጥቂት ቆይቶ ቀድሞ ሰማያዊ የነበረው፣ አሁን ጥቁር የሆነው የስሕተት ገጽ «ክሪቲካል ፕሮሰስ ዳይድ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ይመጣል። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ቀጥሎ የሚሆነው ነው፤ ላፕቶፑ ራሱን መልሶ ሲያስነሣ አንዳንድ ጊዜ የሚነሣበትን ዲስክ እንዳላገኘ ይናገራል፤ ኃይሉን ሙሉ በሙሉ አጥፍተን መልሰን ስናበራው ደግሞ ዲስኩ እንደ ወትሮው ይታያል።

ጊዜያዊ ፋይሎችን አጽድተናል፤ የብራውዘሩን ካሽም አጥፍተናል፤ ለውጥ የለም። ያማከርነው ባለሙያ «ፎርማት ይደረግና እንደ አዲስ ይጫን» ብሎናል። በላፕቶፑ ላይ ያሉት የፊደል ቅርጾችና የተመዘገቡ ፕሮግራሞች እንደገና ለመጫን ብዙ ቀን የሚወስዱ ስለሆኑ፣ ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ምክንያቱን ማወቅ እንፈልጋለን።

ሸገር_ኮም፦

እንደምን አሉ። ነገሩ የካሽ፣ ማለትም ውሂብ ለጊዜው የሚያርፍበት ፈጣን ማከማቻ፣ ጉዳይ ይመስላል። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የዲስኩን ባሕርያት ከፍተው፣ ፖሊሲስ በሚለው ገጽ ላይ የመጻፊያ ካሹን የሚፈቅደውን ምልክት ያንሡት። ፔጅ ፋይሉንም (ዊንዶውስ ራም ሲጠበው ውሂብ የሚያኖርበትን በዲስክ ላይ ያለ ፋይል) ሙሉ በሙሉ ያጥፉት፤ 16 ጊጋባይት ራም ላለው ኮምፒውተር አያስፈልግም። የእኔ ዴስክቶፕ በዚህ መንገድ ፈጥኖልኛል።

ሰርቨር_ክፍል፦

ለመርዳት በቅንነት የተሰጠ ምክር መሆኑን አልጠራጠርም፤ ሆኖም ከላይ በተባሉት በሁለቱም እርምጃዎች አልስማማም። ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ፤ ይህን ክር በኋላ የሚያነቡ ሌሎች ሰዎችም ይኖራሉና።

«የዲስክ ካሽ» ስንል በአንድ ስም የምንጠራቸው የተለያዩ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ዊንዶውስ ራሱ በራም ውስጥ የሚይዘው የፋይል ካሽ ነው። አንድ ፕሮግራም «ፋይሉ ተቀምጧል» ሲለን ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ገና ራም ውስጥ ነው፤ ዊንዶውስ በየሴኮንዱ እየነቃ፣ ገና ካልተጻፉት ገጾች (የማኅደረ ትውስታ ቁራሾች) አንድ ስምንተኛ ያህሉን ወደ ዲስኩ እንዲላኩ ያሰልፋል። ሁለተኛው በዲስኩ ውስጥ ያለው የመጻፊያ ካሽ ነው፤ ዲስኩ «ተቀብያለሁ» ብሎ መልስ ይሰጥና ውሂቡን ወደ ቋሚ ቦታው የሚያሰፍረው በኋላ ነው። ሸገር_ኮም የጠቀሱት ምልክት የሚመለከተው ይህንን ሁለተኛውን ብቻ ነው። ሦስተኛው በኤስኤስዲዎች ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ውሂቡ በየትኛው የማኅደረ ትውስታ ሕዋስ እንደተቀመጠ የሚያሳየው ሰንጠረዥ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ስለዚህኛው ጠያቂያችን ተጨማሪ መረጃ ሲሰጡን እመለስበታለሁ፤ ጥርጣሬዬ ያለው እዚያ ነውና።

የመጻፊያ ካሹን ማጥፋት ዲስኩን ያዘገየዋል እንጂ ዲስኩ ከነጭራሹ የሚሰወርበትን ምክንያት አያስወግድም። በዚያው ገጽ ላይ ከሥር ሌላ ምልክት አለ፤ ዊንዶውስ «የያዝከውን ሁሉ አሁን አስፍር» የሚለውን ትእዛዝ ለዲስኩ እንዳይልክ የሚያደርግ ነው። ያንን ማንም ሰው እንዳይነካው አጥብቄ እለምናለሁ። መብራት ያለ ማስጠንቀቂያ በሚጠፋበት ቦታ፣ ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ ያንን ምልክት ማብራት፣ የተከፈተውን ፋይል ብቻ ሳይሆን የፋይል ሥርዓቱን መዝገብ ጭምር ለጉዳት ማጋለጥ ነው።

ፔጅ ፋይሉን ማጥፋትም ሌላ ጉዳት አለው። ዊንዶውስ ሲወድቅ የውድቀቱን ምስል፣ ማለትም በዚያ ቅጽበት በራም ውስጥ የነበረውን የሚይዘውን ፋይል፣ የሚጽፈው በፔጅ ፋይሉ በኩል ነው፤ ፔጅ ፋይል ከሌለ ምርመራ የምናደርግበት ማስረጃ ላይተርፍልን ይችላል። ችግር እየፈለግን ሳለ ማስረጃውን የሚያጠፋ ለውጥ ማድረግ የለብንም።

ፎርማቱን በተመለከተ፣ ዲስኩ እስከሚቀጥለው የኃይል መጥፋት ድረስ ከተሰወረ፣ ጥፋቱ ከፋይሎች ሥር ባለ ደረጃ ላይ ነው ማለት ነው። አዲስ የተጫነ ዊንዶውስም ያንኑ ድራይቨርና ያንኑ ዲስክ ይዞ ስለሚነሣ፣ ከድካሙ በኋላ ችግሩ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ አስቀድመው አስፈላጊ ፋይሎችን በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። በአንድ ጊዜ ብዙ መገልበጥ የሚጥለው ከሆነ በጥቂት በጥቂቱ ያድርጉት። ከዚያም የዊንዶውስን የክንውን መዝገቦች የሚያሳየውን ኢቨንት ቪወርን ከፍተው ሲስተም በሚለው መዝገብ ውስጥ፣ ውድቀቱ ከደረሰበት ሰዓት በፊት ያሉትን ደቂቃዎች ይመልከቱ። ቁጥር 41ን ማየትዎ አይቀርም፤ እርሱ ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ መነሣቱን ብቻ የሚናገር ስለሆነ ምክንያቱን አይነግረንም። የምፈልገው 7፣ 11፣ 51፣ 129 ወይም 153 የሚሉ ቁጥሮች መኖራቸውን ነው። የዲስኩን የስማርት ሁኔታ (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚሰጠውን ዘገባ)፣ እንዲሁም ዲስኩ የራሱ ዲራም (ፈጣን ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ያለው መሆን አለመሆኑንም ከአምራቹ መግለጫ አይተው ይንገሩን።

ሸገር_ኮም፦

ስለ ውድቀቱ ምስል አላሰብኩበትም ነበር፤ ተቀብያለሁ። የእኔን ፔጅ ፋይልም ወደ ነበረበት መልሻለሁ።

ቀለም_ቤት፦

ሰርቨር_ክፍል፣ ስለ ዝርዝሩ ከልብ አመሰግናለሁ። ፋይሎቹን በሙሉ ወደ ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ገልብጠናል።

በመዝገቡ ውስጥ ከእያንዳንዱ ውድቀት በፊት ቁጥር 129 ይደጋገማል፤ ዲስኩ ዳግም እንዲነሣ እንደታዘዘ ይገልጻል። ከእርሱ አጠገብ ቁጥር 11 አለ፤ በዲስኩ መቆጣጠሪያ ላይ ስሕተት መታየቱን ይናገራል። 7 እና 51 የሉም። ስማርቱ ጤናማ ነው ይላል፤ የቀረው ዕድሜም ገና ብዙ ነው። ዲስኩ የራሱ ዲራም የለውም። በአንድ ወቅት ላይ ደግሞ የስሕተት ገጹ ሌላ ስም አሳይቶናል፦ «አንኤክስፔክትድ ስቶር ኤክሴፕሽን»፣ ቁጥሩ 154።

ሰርቨር_ክፍል፦

ይህ መረጃ መንገዱን በጣም ያጠበዋል።

154 የሚለው ቁጥር በብዙዎች ዘንድ ከመተግበሪያ መደብር ጋር የተያያዘ እየመሰለ ግራ ያጋባል። ጉዳዩ ግን የዊንዶውስ ማኅደረ ትውስታ አስተዳደር ገጾችን የሚያከማችበትን ክፍል የሚመለከት ነው። ዊንዶውስ ቀደም ሲል ያስቀመጠውን ገጽ መልሶ ሊያነብ ሲሞክር ካላገኘ ወይም ተበላሽቶ ካገኘው ይህ ስሕተት ይመጣል። «ክሪቲካል ፕሮሰስ ዳይድ» የሚለውም ከተመሳሳይ ምንጭ ሊመጣ ይችላል፤ ዲስኩ መልስ መስጠት ሲያቆም፣ ለዊንዶውስ መኖር የግድ የሆነ አንድ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ገጽ ማንበብ ስለማይችል ይሞታል። ማውሱ እየተንቀሳቀሰ ሌላው ሁሉ የሚፈዝዘውም ለዚህ ነው፤ ቀስቱን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ራም ውስጥ ስላለ ለጊዜው ዲስኩን አይፈልግም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ካሽ ልመለስ። አንድ ኤስኤስዲ ውሂብን በጠየቅነው አድራሻ አያስቀምጥም፤ ሕዋሳቱ እኩል እንዲያረጁ ወዲያና ወዲህ ያዘዋውረዋል፤ ስለዚህም የትኛው አድራሻ በየትኛው ሕዋስ እንዳለ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ያስፈልገዋል። ሰንጠረዡ በትልቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዳለ የካርድ ማውጫ ነው፤ መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ ቢኖርም ማውጫው ከተዛባ የሚያገኘው የለም። በተለመደው አሠራር ለ1 ቴራባይት ዲስክ ሰንጠረዡ 1 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ውድ የሆኑት ዲስኮች ይህን የሚይዙበት የራሳቸው ዲራም አላቸው። ርካሽ የሆኑት ዲራም ስለሌላቸው፣ ከኮምፒውተሩ ራም ላይ ጥቂት ቦታ ተበድረው፣ በብዛት የሚፈለገውን የሰንጠረዡን ክፍል እዚያ ያኖራሉ። ይህ አሠራር ሆስት ሜሞሪ በፈር፣ በአጭሩ ኤችኤምቢ ይባላል፤ ወደ ኤንቪኤምኢ መመዘኛ የገባው በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው እትም 1.2 ነው።

የሚበደረውን ቦታ ዲስኩ ይጠይቃል፤ የሚፈቅደው ደግሞ ዊንዶውስ ነው። የ24ኤች2 እትም መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲወጣ በይፋ የታወቀ አንድ ጉዳይ እዚህ ላይ ነበር። ቀደም ያሉት እትሞች ለዲስኮቹ 64 ሜጋባይት ይሰጡ ነበር፤ አዲሱ እትም ግን ዲስኩ የጠየቀውን እስከ 200 ሜጋባይት መስጠት ጀመረ። ከዌስተርን ዲጂታል ኤስኤን770 እና ኤስኤን580 የ2 ቴራባይት ሞዴሎች ጋር ይህ ስላልተስማማ፣ ኮምፒውተሮቹ ደጋግመው ይወድቁ ነበር። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ችግሩን ያስተካከለ ፈርምዌር (በዲስኩ ውስጥ ያለ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር) አወጣ። ያ ጉዳይ ተዘግቷል፤ ያነሣሁት ዲስኩም ዊንዶውሱም ለየብቻቸው ጤነኛ ሆነው ሳለ በመካከላቸው ያለው ስምምነት በማሻሻያው ሊለወጥ እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው። የእርስዎ ዲስክ ሌላ ሞዴል ሊሆን ይችላል፤ ምልክቶቹ ግን በጣም ይቀራረባሉ።

መገመቱን ትተን እንፈትነው። ኤችኤምቢን ለጊዜው ማጥፋት ይቻላል፦ የዊንዶውስ ቅንብሮች የሚቀመጡበትን ሬጅስትሪ ከፍተው፣ በሲስተም ሥር ባለው የአሁኑ የመቆጣጠሪያ ስብስብ ውስጥ፣ ኮንትሮል ከሚለው ሥር ስቶርፖርት የተባለውን ቁልፍ ያገኛሉ፤ እዚያ «ኤችኤምቢ አሎኬሽን ፖሊሲ» የሚል ባለ 32 ቢት እሴት ፈጥረው 0 ይስጡት። ከመንካትዎ በፊት ቁልፉን ወደ ፋይል አውጥተው ያስቀምጡ። ከዚያ «ሪስታርት» ይበሉ። «ሻት ዳውን» ብሎ ማብራት ግን አይበቃም፤ ፋስት ስታርትአፕ (ዊንዶውስ ቶሎ እንዲነሣ የሚያደርገው ቅንብር) የበራ ከሆነ የዊንዶውሱ ከርነል፣ ማለትም እምብርቱ፣ ሳይዘጋ በዲስክ ላይ ይቀመጥና በነጋታው ያው አሮጌው ሁኔታ ተመልሶ ይነሣል። ብዙ ሰዎች «ለውጡን አደረግሁት፣ አልሠራም» የሚሉት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ ላፕቶፑን ይጥሉት የነበሩትን ሥራዎች ይድገሙ። መውደቁ ከቆመ ምንጩ ታወቀ፤ ቋሚው መፍትሔ ግን የአምራቹ አዲስ ፈርምዌር ነው፤ ምክንያቱም ያለ ኤችኤምቢ ዲስኩ ሰንጠረዡን በየጊዜው ከራሱ ሕዋሳት እየፈለገ ማንበብ ስላለበት የተበታተኑ ትንንሽ ንባቦች ይዘገዩበታል።

ፈርምዌር ወይም ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው የቦርዱ ሶፍትዌር) ከመቀየርዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ፦ ዲስኩን በምስጢር የሚቆልፈው ቢትሎከር በርቶ እንደሆነ ይዩ። ዊንዶውስ 11 በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ራሱ ያበራዋል፤ ባለቤቱም ላያውቅ ይችላል። ከበራ ባለ 48 አሃዙን የመመለሻ ቁልፍ በወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙ፤ ለጊዜውም ያግዱት። ፈርምዌሩን ሲጭኑ ላፕቶፑ ባትሪው ሞልቶ ከመብራት ጋር የተገናኘ ይሁን።

የመድረኩ አስተባባሪ፦

ለሁሉም አባላት፦ የቢትሎከር መመለሻ ቁልፍን፣ የዲስክ መለያ ቁጥርን ወይም ሙሉ የውድቀት ምስል ፋይልን በዚህ መድረክ ላይ እንዳትለጥፉ። የውድቀት ምስሉ በራም ውስጥ የነበረ የግል መረጃ ሊይዝ ይችላል።

አራት_ኪሎ_አንባቢ፦

እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ ብዬ ስላሰብኩ እዚሁ ልጠይቅ። የእኔ ዴስክቶፕ 500 ጊጋባይት ያለው የቆየ ሃርድ ዲስክ ነው ያለው። ወደ ዊንዶውስ 11 ካሻገርኩት ወዲህ ተግባር አስተዳዳሪው ላይ ዲስኩ ሁልጊዜ 100 በመቶ ተይዟል ይላል፤ ፋይል ሲከፈት ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ አልፎ አልፎም ይወድቃል። በመዝገቡ ውስጥ ያገኘሁት 7፣ 51 እና 153 ናቸው። የዲስክ ስሕተት የሚፈልገውን ቼክ ዲስክን ከነጥገናው ላስኬደው?

የቦርድ_ጠጋኝ፦

ቆይ ወንድሜ፣ ቼክ ዲስኩን አሁን አያስኪዱት።

የእርስዎ ችግር ከቀለም_ቤት የተለየ ነው። ቁጥር 7 ማለት ዲስኩ ላይ የተበላሸ ቦታ ተገኝቷል ማለት ነው፤ 51 ደግሞ ዊንዶውስ ከፔጅ ፋይል ጋር ሲጻጻፍ ስሕተት ገጥሞታል ማለት ነው። 153 ንባቡ ወይም ጽሑፉ መደገሙን ይናገራል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ እጄ ላይ ካለፉት ዲስኮች አብዛኞቹ በመዳከም ላይ የነበሩ ናቸው። ማሻሻያው ዲስኩን አላበላሸውም፤ ነገር ግን ከዚህ በፊት ለዓመታት ያልተነበቡና ያልተጻፉ ቦታዎችን በአንድ ጊዜ ስለሚጠቀም፣ ተደብቆ የነበረውን ድካም ያወጣዋል።

ስማርቱን በማንኛውም ነጻ መሣሪያ ይዩ፤ የሚያስፈልጉን ተራ ቁጥር 5፣ 197 እና 198 ናቸው። 5 ተበላሽተው በሌላ የተተኩትን የዲስኩን ቦታዎች ያሳያል፤ 197 ሊነበቡ አልቻሉም ተብለው ውሳኔ የሚጠብቁትን፤ 198 ደግሞ መታረም ያልቻሉትን። 197 ከዜሮ በላይ ከሆነና እያደገ ከሄደ ዲስኩ ሊታመን አይገባም። 199 ብቻ ከሆነ የሚያድገው ደግሞ ዕድለኛ ነዎት፤ እርሱ ብዙ ጊዜ ዲስኩን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘው የሳታ ገመድ ነው፤ ገመዱን ቀይረው ይሞክሩት።

ቼክ ዲስክን ከነጥገናው ማስኬድን የከለከልኩበት ምክንያት ይህ ነው፦ እየሞተ ያለ ዲስክ ላይ ለረጅም ሰዓት ሙሉውን ገጽታ ማስነበብ የቀረውን ዕድሜ ይበላል፤ የፋይል መዝገቡንም ስለሚያስተካክል፣ ገና ሊተርፉ ይችሉ የነበሩ ፋይሎችን ሊያጠፋ ይችላል። አስቀድመው ፎቶግራፎችንና ሰነዶችን ያውጡ፤ ከሁሉም ተፈላጊ ከሆነው ይጀምሩ፤ አንድ ፎልደር ላይ ከተጣበቀ ትተውት ወደሚቀጥለው ይለፉ። ሁሉም ከወጣ በኋላ ለዊንዶውሱ ትንሽ ኤስኤስዲ ይግዙ። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 64 ጊጋባይት ይጠይቃል፤ እኔ ግን ከ240 በታች አልመክርም። ኤስኤስዲዎች ሲሞሉ በፍጥነት ለመጻፍ የሚጠቀሙበት ክፍል እየጠበበ ስለሚሄድ ይንቀራፈፋሉና የተወሰነ ባዶ ቦታ ሁልጊዜ ይተዉላቸው።

በሰፈራችሁ መብራት የሚቆራረጥ ከሆነ ከኤስኤስዲው ጋር አንድ ዩፒኤስ ቢጨምሩ መልካም ነው፤ ሃርድ ዲስኮችን ደጋግሞ ከሚጎዳቸው ነገር አንዱ በሥራ ላይ ሳሉ ኃይል መቋረጡ ነው።

አራት_ኪሎ_አንባቢ፦

197 ከዜሮ በላይ ነው፤ ትናንት ካየሁትም ዛሬ ጨምሯል። ቼክ ዲስኩን ትቼ ፋይሎቹን ማውጣት ጀምሬያለሁ። የልጆቼ ፎቶግራፎች ወጥተዋል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ቀለም_ቤት፦

ውጤቱን ላሳውቃችሁ።

ኤችኤምቢን 0 አድርገን፣ ፋስት ስታርትአፕንም አጥፍተን፣ ሪስታርት ካደረግን በኋላ፣ ላፕቶፑን ይጥሉት የነበሩትን ሁሉ ደገምናቸው፤ ከውጭ ዲስክ ትልቅ የፎቶግራፍ ክምችት ገለበጥን፤ ሙሉ መጽሐፍ ወደ ፒዲኤፍ አወጣን። አልወደቀም። በመዝገቡ ውስጥም 129 እና 11 አልታዩም። ፕሮግራሞች ሲከፈቱ ግን ሰርቨር_ክፍል እንዳሉት ትንሽ መዘግየት ተሰምቶናል።

ከዚያ የዲስኩን አምራች ገጽ ስናይ ለዚሁ ሞዴል አዲስ ፈርምዌር አግኝተናል፤ ከኮምፒውተሩ ራም ጋር ያለውን አጠቃቀም ያሻሽላል የሚል መግለጫ አለው። ቢትሎከር ያለ እኛ ዕውቀት በርቶ ነበር፤ ቁልፉን ጽፈን ይዘን፣ ለጊዜው አግደነው፣ ፈርምዌሩን ጫንን። የሬጅስትሪውን እሴት ሰርዘን ሪስታርት ስናደርግ መዘግየቱ ጠፋ፤ መውደቁም አልተመለሰም።

የቀሩኝ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። ፋስት ስታርትአፕን እንደጠፋ ልተወው ወይስ ልመልሰው? በሲ ድራይቭ ላይ ብዙ ቦታ የያዘውን የአሮጌውን ዊንዶውስ ፎልደርስ አሁን ማጥፋት እችላለሁ?

ሰርቨር_ክፍል፦

ደስ ይላል። ፋስት ስታርትአፕን እንደጠፋ ቢተዉት እመርጣለሁ። በኤስኤስዲ ላይ የሚያስገኘው የጊዜ ቁጠባ ጥቂት ነው፤ ላፕቶፑ በየቀኑ በእውነት ተዘግቶ መነሣቱ ደግሞ ወደፊት ችግር ቢፈጠር ምርመራውን ያቀልለዋል። ላፕቶፑ ላይ ሊኑክስም ከጫናችሁ ግን ምርጫ አይደለም፤ መጥፋት አለበት፤ ያለበለዚያ ዊንዶውስ በግማሽ የዘጋው የፋይል ሥርዓት ሊኑክሱ ሲጽፍበት ሊበላሽ ይችላል።

አሮጌውን ፎልደር አይቸኩሉበት። ወደ ቀድሞው እትም መመለስ የሚቻለው ከማሻሻያው በኋላ ባሉት 10 ቀናት ነው፤ ጊዜው ካላለፈ በአስተዳዳሪ መብት በሚከፈት ኮማንድ ፕሮምፕት፣ ዲዝም በተባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ትእዛዝ እስከ 60 ቀን ማራዘም ይቻላል። ካለፈ ዊንዶውስ ራሱ ያጠፋዋል። አሁን ካላለፈና ቦታ ካልቸገራችሁ፣ የሚቀጥለውን መጽሐፍ ሠርታችሁ እስክትጨርሱ ይቆይ። ስታጠፉት ደግሞ በእጅ ሳይሆን በሴቲንግስ ውስጥ ስቶሬጅ ከሚለው ሥር ባለው የማጽጃ ክፍል በኩል ይሁን፤ በእጅ ከሆነ የፈቃድ ጥያቄዎች እያስቆሙ ግማሹን ይተዉታል።

ኢቨንት ቪወርን ለአንድ ወር ያህል አልፎ አልፎ ይመልከቱ። 129 አንድ ጊዜ እንኳ ቢመለስ እዚሁ ይጻፉልን፤ ያኔ ወደ ላፕቶፑ ባዮስና ወደ ዲስኩ የኃይል ቁጠባ ቅንብር እንሄዳለን።